ለምርምር ጭንቅላታችሁ ላይ ማሽን ሊደረግ ነው? መጀመሪያ ይህን አንብቡ



ከአዳማ ተማሪዎች የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ለምርምር ተብሎ ጭንቅላት ላይ ኤሌክትሪክ ቢደረግ አንጎል አይጎዳም?» አጭር መልሴ፦ መሣሪያው ትክክለኛ፣ የሚያሠራው ሰው የሠለጠነ፣ እናንተም ቀድማችሁ በደንብ የተጠየቃችሁ ከሆነ አደጋው ትንሽ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን አትቀመጡ።

መሣሪያዎቹ በዋናነት ሁለት ናቸው። ሁለቱም ራስ ቅል ሳይከፈት፣ መርፌ ሳይወጋ ይሠራሉ።

ቲኤምኤስ የሚባለው በማግኔት ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1985 እንግሊዝ ሼፊልድ ውስጥ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ ናቸው ያስተዋወቁት። ጭንቅላት ላይ የሚጠጋው ጥቅል ሽቦ ለቅጽበት ኃይለኛ ማግኔት ይፈጥርና አንጎል ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ያስነሳል። እጅን በሚያዘው ክፍል ላይ ካረፈ ጣታችሁ ሳታዙት ብድግ ይላል! አሜሪካ ውስጥ ከ2008 ጀምሮ ለድብርት ሕክምና ተፈቅዷል።

ቲዲሲኤስ ደግሞ በባትሪ ይሠራል። በእርጥብ ስፖንጅ በኩል ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊ አምፔር፣ ለ20 ደቂቃ ያህል ይለቃል። ትንሽ ማሳከክና መቆንጠጥ የተለመደ ነው።

ስጋቱ ምንድን ነው?

በማግኔቱ ትልቁ ስጋት ድንገተኛ የሚጥል ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ የማያጋጥመው ግን በከፊል ተመራማሪዎች ቀድመው ስለሚጠይቁ ነው። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት የምትሞሉት ፎርም ዋናው መከላከያችሁ ነው። እነዚህን አትደብቁ፦

1. እናንተ ወይም የቅርብ ቤተሰብ የሚጥል በሽታ ካለባችሁ
2. በባጃጅም ሆነ በሌላ አደጋ ጭንቅላታችሁ ተመትቶ ራሳችሁን ስታችሁ ከነበረ
3. ጭንቅላት ውስጥ ብረት ወይም ጥይት ፍንጣሪ፣ የመስሚያ ተከላ ወይም የልብ ምት ማስተካከያ ካለ
4. ትራማዶል፣ አሚትሪፕቲሊን ወይም ሌላ መድኃኒት ከወሰዳችሁ
5. ጫት ቅማችሁ ወይም ለፈተና ስታጠኑ እንቅልፍ አጥታችሁ ካደራችሁ
6. እርግዝና ካለ

የሚጥል በሽታን ብዙ ሰው እንደሚደብቀው አውቃለሁ። ሰው ይርቀኛል፣ ትዳር ይበላሽብኛል ብሎ ይፈራል። መናገር ካልፈለጋችሁ አትገደዱም፤ «አልሳተፍም» በሉና ውጡ። ዋሽቶ ከመቀመጥ ሺህ ጊዜ ይሻላል።

በባትሪው ደግሞ ዋናው ስጋት የቆዳ መቃጠል ነው። እንደ አዳማና መተሐራ ባለ ሙቀት ስፖንጁ ቶሎ ይደርቃል፤ የደረቀ ስፖንጅ ያቃጥላል። የሚነከረው በጨው ውኃ እንጂ በቧንቧ ውኃ አይደለም። ቅቤ የተቀባ ፀጉርና ጥብቅ ሹሩባ ኤሌክትሮዱ ቆዳን በደንብ እንዳይነካ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ታጥባችሁ፣ ፈታ አድርጋችሁ ሂዱ። የማያስችል ማቃጠል ከተሰማችሁ ወዲያው «አቁሙ» በሉ።

ዩቲዩብ አይታችሁ በ9 ቮልት ባትሪ ራሳችሁ ለመሥራት የምታስቡ የኢንጂነሪንግ ልጆች፣ እባካችሁ ተዉት! በተለይ ቻርጅ ላይ የተሰካ ነገር ጭንቅላታችሁ ላይ አታድርጉ።

መብታችሁስ?

ጥናቱ በሥነ ምግባር ኮሚቴ መጽደቁን ጠይቁ፤ ደብዳቤውን አሳዩን በሉ። የስምምነት ቅጹ በሚገባችሁ ቋንቋ፣ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፣ ይብራራላችሁ። መሐል ላይ ማቋረጥ ትችላላችሁ። አስተማሪያችሁ ቢሆንም እንኳ እምቢ በማለታችሁ ማርክ ሊቀነስባችሁ አይገባም። በማግኔቱ ጊዜ ድምፁ ስለሚጮህ የጆሮ መከላከያ ይሰጣችሁ።

አንድ ሰው ቢወድቅስ? ማሽኑን አርቁ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ። አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ክብሪት አታሽትቱት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ በፍጥነት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ምርምር ያስፈልገናል፤ የሚሳተፍ ሰውም ያስፈልጋል። ግን አውቆና ወዶ ይሁን። ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም ካላችሁ ሼር አድርጉላቸው።

ጤናችሁ ይብዛ!