ሳይሳፈሩ የሚወሰን ጉዞ፦ ስለ ውጭ አገር ሥራ ካምባ ላይ የምንሰማው ተረትና እውነታው

በጋሞዋ ካምባ ስለ ውጭ አገር ሥራ ዓመቱን ሙሉ ይወራል። ወሬው እውነት የሚመስለው ግን በመስከረም ነው። ለመስቀል፣ ለዮ ማስቃላ፣ የወጣ ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሸማኔው ከሽሮ ሜዳ፣ ተማሪው ከአርባ ምንጭ፣ ኮንትራቷን የጨረሰችው ደግሞ ከአረብ አገር። የእሷ አባት ዘንድሮ ለበዓሉ በሬ የሚያዋጣው አላጣም። ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ታናናሾቿ አዲስ ጫማ አድርገዋል። ጎረቤቱ ይህን ያያል። እንቅልፍ ያጣችባቸው ሌሊቶች፣ ሳይከፈላት የቀረው ወር፣ የመጀመሪያውን ዓመት የበላው ዕዳ አይታዩም። እሷም አትናገርም፤ በበዓል ቀን የእናቷን ደስታ ማደፍረስ አትፈልግም።

ተረቱ እንዲህ፣ ማንም ሳይዋሽ ይወለዳል። ይህን የምጽፈው «አትሂዱ» ለማለት አይደለም። ማሳው ለልጆች እየተከፋፈለ እየጠበበ፣ እንሰቱና ገብሱ ቤት ሙሉ ሰው መመገብ እያቃተው፣ ለወጣቱ «አገርህ ይሻልሃል» ማለት ለተናጋሪው ብቻ ይቀላል። ጋሞ ለመውጣትም አዲስ አይደለም፤ የዶርዜና የጨንቻ ሸማኔዎች ሽሮ ሜዳን ከሠፈሩበት ትውልድ አልፏል። እኔን የሚያሳስበኝ፣ የብዙዎቹ ዕጣ አውሮፕላን ሳይሳፈሩ፣ እዚሁ ካምባ፣ ገንዘቡ ከማን እንደተወሰደና ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ በሚለው የሚወሰን መሆኑ ነው።

«ደላላ ካልተከፈለው ማን ይሄዳል?»

በገጠሩ ከሁሉ በላይ የሚታመነው ይህ ነው፤ ከሁሉ በላይ ሰውን ያራቆተውም ይኸው ነው። ደላላው ብዙ ጊዜ ባዕድ አይደለም። የአክስት ልጅ ይሆናል፣ አብሮን የሚያመልክ ወንድም ይሆናል፣ ከእናታችን ጋር ቡና የሚጠጣ ሰው ይሆናል። «ለፕሮሰስ» ይላል፤ ቀጥሎ «ለቪዛ»፣ ከዚያ «ለቲኬት»። በሬ ይሸጣል፣ መሬት በወለድ አገድ ይያዛል፣ ዕጣው ያልደረሰ እቁብ ተለምኖ ቀድሞ ይወጣል።

ሕጉ ሌላ ነው የሚለው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጪውን ለሁለት ከፍሎታል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትሸፍነው የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃ እና ሰው ሁሉ «ሲኦሲ» የሚለውን የብቃት ማረጋገጫ ወጪ ነው። ስለዚህ «ለቪዛና ለቲኬት» ተብሎ የተጠየቀ ብር፣ ትንሽም ይሁን ብዙ፣ በሕግ የእሷ ዕዳ አይደለም። ይህችን አንዲት ነገር የሚያውቅ አባት በሬውን አይሸጥም ነበር።

ፈቃድ ያለው ኤጀንሲና ደላላ የሚለያዩት በቢሮና በማስታወቂያ አይደለም። ኤጀንሲው ፈቃድ ሲያወጣ ለሠራተኞች መብት ማስከበሪያ የሚሆን ገንዘብ በዝግ የባንክ ሒሳብ ያስይዛል፤ ውሉ ሲጣስም ከአሠሪው ጋር አብሮ ይጠየቃል። ደላላው ያስያዘው ነገር የለም። ስልኩን ካጠፋ በኋላ ጉዳዩ ወደ ሽማግሌ፣ ወደ ዱቡሻው ሸንጎ ይሄድ ይሆናል። ሽማግሌዎቹ ግን መዳኘት የሚችሉት እዚህ ያለውን ሰው ነው፤ ጅዳ የተዘጋ በር አያስከፍቱም። ለዚህ ነው ብር ከመቁጠር በፊት «ደረሰኝ ትሰጠኛለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የሚበጀው። በደረሰኝ የሚፈራ ሰው ጥያቄውን ከነመልሱ ሰጥቷል።

«አረብ አገር ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም፤ ልዩነቱም በሠራተኛዋ ቀን ላይ ይታያል። በአብዛኞቹ አገሮች ያለው ከፋላ የሚባለው አሠራር የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማዋን፣ ካስመጣት አሠሪ ጋር ያስራል። አሠሪውን ትታ ስትወጣ ሥራዋን ብቻ ሳይሆን በዚያ አገር የመቆየት መብቷንም ታጣለች። ይህ አሠራር እየላላ ነው የሚባለው በከፊል እውነት ነው፤ ለማን እንደላላ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሳዑዲ አረቢያ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የድርጅት ሠራተኞች ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ እንዲቀይሩ ስትፈቅድ የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም። ኳታር በበኩሏ በዚያው ወር ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ የ1,000 ሪያል ዝቅተኛ ደመወዝ የቤት ሠራተኞችንም እንዲጨምር አድርጋለች። ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ከነጭራሹ ከአገሪቱ የሠራተኛ ሕግ ውጭ ናት። ያ ምን ማለት እንደሆነ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ወራት ታይቷል፤ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው፣ አንዳንዶቹንም ያለ ደመወዝና ያለ ፓስፖርት፣ ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄደዋል። ኢትዮጵያ ወደ ሊባኖስ ሠራተኛ መላክን ከልክላ ነበር፤ ሴቶቹ ግን መሄዳቸውን አላቆሙም። በሌላ መንገድ ሄዱ።

እገዳ ሰውን እንደማያስቀር ከዚያም በፊት አይተናል። ከጥቅምት 2006 እስከ ጥር 2010 ዓ.ም. ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መላክ ተከልክሎ በነበረባቸው ዓመታት የጠፋው ሕጋዊው መንገድ ነው፤ ጉዞው ለደላላው ተተወለት። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 ስምሪት የተፈቀደው ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ ስምምነት ወደተፈራረመቻቸው አገሮች ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው አገር?» መሆን አለበት።

«ፍሪ ቪዛ ይሻላል፣ ማንም አያዝሽም»

ይህ ከከተማ የመጣ ወሬ ነው። «ፍሪ ቪዛ» የሚባለው አንድ ሰው በስሙ ያወጣውን ቪዛ ሸጦ፣ የገዛችው ሴት ሌላ ቦታ የምትሠራበት ነው። ወረቀቱ ላይ ግን አሠሪዋ እሱ ነው። ኢቃማዋ ሲታደስ ይጠይቃታል፤ እንቢ ካለች «ጠፍታብኛለች» ብሎ ማመልከት ይችላል። ሳዑዲ ያሉት «ሁሩብ» የሚሉት ይህ ነው፤ ስሟ አንዴ እዚያ መዝገብ ከገባ ፖሊስ ባገኛት ጊዜ የሚጠብቃት እስርና ከአገር መባረር ነው። ነጻ ነኝ ያለችው ሴት ከሁሉም ይልቅ የታሰረች ሆና ትገኛለች።

«ፓስፖርቱ ማዳም ጋ መቀመጡ ሕግ ነው»

ሕግ አይደለም። በሳዑዲም በኳታርም አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ የተከለከለ ነው፤ ሆኖም ብዙዎች ይይዛሉ። እዚያ ሄዶ መሟገት ከባድ ስለሆነ ዝግጅቱ እዚህ መሆን አለበት። የፓስፖርቱ፣ የቪዛውና የውሉ ፎቶ ቤተሰብ ዘንድ ይቅር። ቢያንስ አንድ ስልክ ቁጥር በቃል ይያዝ፤ ስልክ ሲነጠቅ ቁጥሩም አብሮ ይሄዳልና።

«ስምና ዕድሜ ቢቀየር ምን አለበት?»

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። በሕጉ ለሥራ የሚወጣ ሰው 18 ዓመት መሙላት አለበት። የ15 ወይም የ16 ዓመት ልጅ ግን ዕድሜዋ ተጨምሮ የቀበሌ መታወቂያ ይወጣላታል፤ በእሱ ፓስፖርት ይሠራላታል። አንዳንዴ ስሟም ይቀየራል፤ ከቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ቤተሰብ የወጣች ልጅ የሙስሊም ስም ይዛ ትጓዛለች፤ ደላላው «እንዲህ ሲሆን ቶሎ ይወስዱሻል» ብሏታልና።

ችግሩ የሚመጣው ነገር ሲበላሽ ነው። ስልኳ ሦስት ወር ተዘጋ እንበል። ቤተሰብ ሊያመለክት ወደ አርባ ምንጭ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። «የልጅቷ ስም ማነው?» ሲባሉ የሚያውቋትን ስም ይናገራሉ፤ በዚያ ስም የወጣ ሰው መዝገብ ላይ የለም። ልጃቸው መሆኗን የሚያሳዩበት ወረቀት የለም። ካሳም፣ መድንም፣ ያልተከፈለ ደመወዝም የሚጠየቀው በወረቀቱ ስም ነው፤ አስከሬንም ቢሆን የሚላከው በወረቀቱ ስም ነው። የዕድሜ ማስረጃውን የሚጽፈው የቀበሌ ሠራተኛ፣ የሚመሰክረውም ጎረቤት ይህን አስበውት ያውቁ ይሆን?

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ እምነት አለ፤ «ቋንቋው እዚያ ይለመዳል» የሚል። ይለመዳል፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው አደገኞቹ። በቤቷ ጋሞኛ ተናግራ ያደገች፣ አማርኛን ትምህርት ቤት ብቻ የሰማች ልጅ የቅድመ ጉዞ ሥልጠናውን በአማርኛ ስትወስድ ግማሹ ያመልጣታል። አረብኛ ለእሷ ሦስተኛ ቋንቋ ነው። ሥልጠናውን የወሰደች ዘመድ ካለች አጠገቧ ቁጭ ብላ በጋሞኛ ብታስረዳት ከብዙ ፖስተር ይበልጣል።

«ወንድ ልጅ በሞያሌ ይወጣዋል»

የደቡብ አፍሪካው መንገድ በሆሳዕና በኩል የገነነ ቢሆንም ወሬው እኛም ዘንድ ደርሷል፤ ከአርባ ምንጭ በኮንሶና በያቤሎ ሞያሌ ሩቅ አይደለችም። ከሞያሌ በኋላ ያለው ግን ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ ነው። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ቴቴ በምትባለው የሞዛምቢክ ግዛት አንድ የጭነት መኪና ሲፈተሽ ኮንቴይነሩ ውስጥ 78 ሰው ተገኘ፤ 64ቱ ታፍነው ሞተው ነበር። ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በጥቅምት 2015 በማላዊ ምዚምባ አውራጃ 25 አስከሬን የያዘ የጅምላ መቃብር ተቆፍሮ ወጣ። ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳርቻ 27 አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። በሦስቱም ቦታ የጎደለው ጉልበት አልነበረም። አየር ወይም ምግብና ውሃ የተነፈገ ሰው ጎበዝ በመሆኑ አይድንም።

«ተስማምተህ ሄደሃል፣ ብትከስ አንተም ትታሰራለህ» እያሉ የሚያስፈራሩም አሉ። በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 መሠረት በሰው የነገደ ሰው «ተጎጂው ተስማምቶ ነው» ብሎ አያመልጥም። ቤተሰብ ዝም ባለ ቁጥር ያው ሰው የቀጣዩን ቤት በር ያንኳኳል።

«ሁለት ዓመት ብቻ፣ ከዚያ ቤት»

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ለኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች በሳዑዲ ሲጠቀስ የቆየው የወር ደመወዝ 1,000 ሪያል ነው። ሪያሉ ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ 267 ዶላር ገደማ ይሆናል። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ ይኸው ደመወዝ በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ወሬውን ያጋጋለውም ይህ ነው። ሲሚንቶውና ቆርቆሮው ግን በድሮው ዋጋ አልጠበቀም። የደላላው ዕዳ ካለ የመጀመሪያዎቹ ወራት ደመወዝ ወደዚያ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ገንዘብ በአብዛኛው የሚጠፋው እዚሁ ነው። ወደ ወንድም ሒሳብ ይላካል፤ ወንድም ይታመማል፣ ያገባል፣ ሞተር ብስክሌት ይገዛል። እሷ ተመልሳ «ለቤቱ ያልኩትስ?» ስትል ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ከመሄዷ በፊት በስሟ የባንክ ሒሳብ ከፍታ፣ ለቤተሰብ የሚሆነውንና ለራሷ የሚቀመጠውን ለይታ መላክ ራስ ወዳድነት አይደለም። ወላጆች ይህን ራሳቸው ቢነግሯት እንዴት በቀለላት!

«ውጭ የሄደ ሁሉ መከራ ነው የሚያየው»

ይህም ተረት ነው፤ እናስፈራራ ብለን የምናወራው። ደህና ቤት ገብተው፣ ደመወዛቸው በወሩ ተከፍሏቸው፣ ውላቸውን አድሰው የሠሩ፣ ታናናሾቻቸውን ያስተማሩ ብዙ ናቸው። ወጣቱ እነሱን ስለሚያውቅ ማስፈራሪያውን አያምንም፤ ከማስፈራሪያው ጋር እውነተኛውንም ምክር ይጥለዋል።

«ባዶ እጁን የተመለሰ ከሰረ»

ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መልሳለች። ብዙዎቹ ያልተከፈለ ደመወዝ ትተው ነው የመጡት። እንዲህ ያለ ተመላሽ ሰው እንዳያየው ተደብቆ ካምባ ሳይገባ አርባ ምንጭ ይቀራል፤ ወይ ተመልሶ ለመሄድ ያንኑ ደላላ ይፈልጋል። መመለስ ግን መብትን አያጠፋም። በኤጀንሲ የሄደች ሠራተኛ ያልተከፈላትን ደመወዝ እዚህ አገር ሆና ኤጀንሲውን መጠየቅ ትችላለች፤ ሕጉ ከአሠሪው ጋር አብሮ ተጠያቂ ያደረገው ለዚህ ነው። አቤቱታው የሚጀምረው በወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ የሚጠየቀውም የአሠሪው ስም፣ ደመወዙና የኤጀንሲው ማኅተም ያለበት የውል ቅጂ ነው። እናት ሳጥን ውስጥ ቅጂው ካለ ጉዳዩን መክፈት ይቀላል።