ሎፍት ኮንዶሚኒየም

ሎፍት ኮንዶሚኒየም ቀድሞ ለፋብሪካ፣ ለመጋዘን ወይም ለሌላ ሥራ በተሠራ ሕንፃ ውስጥ የሚገኝ፣ ባለቤቱ በስሙ የያዘው የከተማ መኖሪያ ቤት ነው። ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ትልልቅ መስኮቶች፣ በግድግዳ ያልተከፋፈለ ሰፊ ወለል፣ ያልተሸፈኑ ምሰሶዎችና የጡብ ግድግዳዎች የተለመዱ ምልክቶቹ ናቸው። አንዳንድ ሎፍቶች ሰፊ ቴራስ ማለትም ጣሪያ የሌለው የውጭ ሰገነት አላቸው። ቴራሱ የቤቱን ዋጋ ከፍ ያደርጋል። ሆኖም በአብዛኛው የገዢው ሙሉ ንብረት አይደለም፤ ከሥሩ ለሚኖረው ጎረቤት ደግሞ ጣሪያ ነው። በእንዲህ ያሉ ቤቶች ግዢ የሚነሡት ከባድ ጥያቄዎች ከዚህ ሁኔታ ይመነጫሉ።

ስያሜ

«ሎፍት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በመጀመሪያ ከጣሪያ ሥር ያለውን የላይኛውን ወለል ያመለክት ነበር፤ ከአማርኛው ቆጥ ጋር ይቀራረባል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ከተሞች ግድግዳ የማይከፋፍለው የፋብሪካ ወይም የመጋዘን ወለል በዚሁ ስም ይጠራ ጀመር። በዛሬው የቤት ገበያ ሁለት ዓይነት ሎፍት ይለያል። አንደኛው በእርግጥ ከሥራ ሕንፃ ወደ መኖሪያ የተለወጠው ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ለመኖሪያ ተሠርቶ የሎፍትን መልክ ብቻ የያዘው ነው።

«ኮንዶሚኒየም» ከላቲን የመጣ ቃል ሲሆን የጋራ ባለቤትነት ማለት ነው። ቃሉ የባለቤትነት ዓይነት እንጂ የሕንፃ ዓይነት ስም አይደለም። በኢትዮጵያ የዕለት ተዕለት ንግግር ግን ብዙ ጊዜ መንግሥት አሠርቶ በዕጣ ያከፋፈላቸውን ቤቶች ያመለክታል።

ታሪክ

የሎፍት ኑሮ በሰፊው የታወቀው በኒው ዮርክ ከተማ፣ ማንሃተን ውስጥ ባለው የሶሆ ሰፈር ነው። ሰፈሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የንግድና የማምረቻ አካባቢ ነበር። ብዙዎቹ ሕንፃዎች ፊታቸው በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ነው። የብረት ምሰሶ ከድንጋይ ግድግዳ ቀጭን በመሆኑ መስኮቶቹን ትልልቅ ለማድረግ አስችሏል። ከእነዚህ ሕንፃዎች አንዱ በሆነው በሃውት ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1857 ኤሊሻ ኦቲስ ለሰዎች መጓጓዣ የሚሆን አሳንሰር ተከለ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካዎቹ አካባቢውን እየለቀቁ ሄዱ። በሰፈሩ በኩል ሊያልፍ ታቅዶ የነበረው ፈጣን አውራ ጎዳና ብዙ ተቃውሞ ገጥሞት በ1960ዎቹ መጨረሻ ተሰረዘ። በዚያው ዘመን ሠዓሊዎችና ቀራፂዎች ባዶዎቹን ወለሎች በርካሽ እየተከራዩ መሥሪያም መኖሪያም አደረጓቸው፤ መኖሪያነቱ ግን በሕግ አልተፈቀደም ነበር። አርቲስቱ ጆርጅ ማቹናስ እ.ኤ.አ. በ1967 በዉስተር ጎዳና ቁጥር 80 ያለውን ሕንፃ ለአርቲስቶች የኅብረት ቤት አደረገው።

ከተማው እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው የቦታ አጠቃቀም ደንብ፣ የአርቲስትነት ማረጋገጫ ያላቸው ሰዎች በሎፍቶቹ እንዲኖሩ ፈቀደ። በ1973 የሰፈሩ አብዛኛው ክፍል በታሪካዊ ቅርስነት ተመዘገበ። በ1982 የወጣው የኒው ዮርክ ግዛት የሎፍት ሕግ ደግሞ በሥራ ሕንፃዎች ይኖሩ ለነበሩ ተከራዮች ጥበቃ ሰጠ፤ ባለ ሕንፃዎችም ቤቶቹን ለመኖሪያ በሚሆን ደረጃ እንዲያሟሉ አስገደደ። ከጊዜ በኋላ ሰፈሩ በጣም ተወደደ። የአርቲስትነት ማረጋገጫ የሌላቸው ገዢዎችም ደንቡን ማወቃቸውንና ኃላፊነቱን መውሰዳቸውን የሚገልጽ፣ «የሶሆ ደብዳቤ» የሚባል ወረቀት እየፈረሙ ይገዙ ነበር። ከተማው እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የሰፈሩን የቦታ አጠቃቀም ደንብ ለወጠ።

የቴራሶቹ አመጣጥ

በኒው ዮርክ ብዙዎቹ የቆዩ ቴራሶች ከሕግ የተወለዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. የ1916 የቦታ አጠቃቀም ደንብ ብርሃንና አየር ወደ ጎዳናው እንዲደርስ ሲል፣ ረጃጅም ሕንፃዎች ከተወሰነ ከፍታ በላይ ወደ ውስጥ እየገቡ እንዲሠሩ አዘዘ። ሕንፃዎቹ የደረጃ ቅርጽ ያዙ፤ በየደረጃው ላይም ክፍት ሜዳ ተረፈ። በማንሃተን የልብስ ስፌት ሰፈር በ1920ዎቹ የተሠሩ የሎፍት ሕንፃዎች ይህ ቅርጽ ጎልቶ ይታይባቸዋል። ይህ ክፍት ቦታ ሲሠራ የታሰበው ለጣሪያነት ነበር። ሰው ተቀምጦበት ቡና እንዲጠጣበት፣ አፈር ተሞልቶ ዛፍ እንዲተከልበት አልተቀየሰም።

የባለቤትነት ሥርዓት

በዘመናዊ ትርጉሙ የኮንዶሚኒየም ሕግ በፖርቶ ሪኮ እ.ኤ.አ. በ1958፣ በዩታ ግዛት በ1960፣ በኒው ዮርክ ግዛት ደግሞ በ1964 ወጣ። በዚህ ሥርዓት ገዢው ሁለት ነገር በአንድነት ያገኛል። አንደኛው የቤቱ ውስጥ ሙሉ ባለቤትነት ነው። ሁለተኛው በመሬቱ፣ በመሠረቱ፣ በውጭ ግድግዳው፣ በጣሪያውና በደረጃው ላይ ከሌሎች ጋር የማይነጣጠል ድርሻ ነው። ከዚህ የሚለየው ኮ-ኦፕ የሚባለው የኅብረት ቤት ሲሆን፣ በዚያ ገዢው የሚይዘው የማኅበሩን አክሲዮንና የመኖር መብት ነው፤ ቤቱ ራሱ የማኅበሩ ነው።

ቴራስ በአብዛኛው በሁለቱ መካከል ያለ ሦስተኛ ዓይነት ነው። ንብረትነቱ የጋራ ሆኖ የመጠቀም መብቱ ለአንድ ቤት ብቻ ይመደባል። በሩ ከዚያ ቤት ውስጥ ስለሚከፈት የግል ቢመስልም፣ ባለመብቱ ያለ ማኅበሩ ፈቃድ ጥላ መትከል፣ ወለሉን መቀየር ወይም ክፍል መጨመር አይችልም። አንዳንድ ሕንፃዎች ቴራሱን የቤቱ አካል አድርገው ይመዘግባሉ። ሌሎች ደግሞ በየጊዜው በሚታደስ ፈቃድ ብቻ ያስጠቅማሉ፤ ይህ ለገዢው ከሁሉም ደካማው መብት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከኮንዶሚኒየሙ የመመሥረቻ ሰነድ፣ ከተመዘገበው ፕላንና ከመተዳደሪያ ደንቡ እንጂ ከሽያጭ ማስታወቂያው አይደለም።

የጥገና ኃላፊነትም በእነዚሁ ሰነዶች ይከፋፈላል። በተለመደው አሠራር የላይኛውን ንጣፍ ማጽዳትና መጠገን፣ የውኃ መውረጃውን ከቅጠል መጠበቅና በረዶ መጥረግ የተጠቃሚው ነው። ከንጣፉ ሥር ያለው የውኃ መከላከያ ሽፋንና ሶሌታው ደግሞ የማኅበሩ ነው። ሽፋኑ መቀየር ሲኖርበት ተጠቃሚው በራሱ ወጪ ያስነጠፈውን የእንጨት ወለል፣ የአበባ ሣጥኑንና ጥላውን የሚያነሣውም የሚመልሰውም ብዙ ጊዜ ራሱ ነው።

ውኃና ክብደት

ለቴራስ ዋናው ጠላቱ ውኃ ነው። ሶሌታው ወደ መውረጃው በበቂ ካላዘነበለ ዝናቡ ባለበት ይተኛል። ለዚህ የተለመደው መለኪያ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅታ ነው። የውኃ መከላከያ ሽፋን እንደ ዓይነቱና እንደ አያያዙ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ዓመት ያገለግላል። ሽፋኑ ሲያረጅ ውኃው ወደ ኮንክሪቱ ይዘልቅና ውስጡ ያለውን ብረት ያዝገዋል። የዛገ ብረት ስለሚያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ጉዳቱ በንጣፍ ተሸፍኖ ለዓመታት ላይታይ ይችላል። መጀመሪያ የሚያየው ከሥር ያለው ጎረቤት ነው፤ በኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ፣ የተላጠ ቀለምና ሻጋታ ይታየዋል።

ሽፋኑ ውኃ መቋቋሙን ለማረጋገጥ መሐንዲሶች መውረጃውን ዘግተው ወለሉ ላይ ውኃ ያቁሩና ለ24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይጠብቃሉ። ይህ ፈተና ራሱ ክብደት አለው፤ በ50 ካሬ ሜትር ቴራስ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ውኃ ማለት 2.5 ቶን ነው። አፈርም ከባድ ነው። ውኃ የጠገበ አፈር በአንድ ሜትር ኩብ ከ1,500 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። ስለዚህ ትልልቅ የተክል ሣጥኖችና የሙቅ ውኃ ገንዳዎች የሚቀመጡት የሶሌታው አቅም በመሐንዲስ ከተሰላ በኋላ ነው።

የሰርፍሳይድ አደጋ

እነዚህ ጉዳዮች የሰው ሕይወት ሊያስከፍሉ እንደሚችሉ በፍሎሪዳ ግዛት በሰርፍሳይድ ከተማ ታይቷል። ቻምፕሌይን ታወርስ ሳውዝ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የተሠራው ባለ 12 ፎቅ ኮንዶሚኒየም ጁን 24 ቀን 2021 ሌሊት በከፊል ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞቱ። ሕንፃው ሎፍት አልነበረም፤ ነገር ግን ችግሩ የታየበት ክፍል ሰፊ የውጭ ወለል ነበር። በ2018 አንድ መሐንዲስ ለማኅበሩ ባቀረበው ሪፖርት፣ በመዋኛ ገንዳው ዙሪያ ያለው መድረክ ዝንባሌ እንዳልነበረው፣ ውኃው እስኪተን ድረስ በላዩ እንደሚቆይና የውኃ መከላከያው ብልሽት ከሥሩ ያለውን ኮንክሪት ክፉኛ እንደጎዳው ገልጿል።

በኋላ የተደረገው የፌዴራል ምርመራ ከሕንፃው መውደቅ በፊት መድረኩ ቀድሞ መፍረሱን አመልክቷል። መድረኩ ሲቀየስ ጀምሮ ከሚፈለገው በታች ጥንካሬ እንደነበረው፣ የተክል ሣጥኖችና በኋላ የተጨመረ ንጣፍም ጫናውን እንዳበዙት ጠቁሟል። አደጋው በደረሰበት ጊዜ ባለቤቶቹ 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለሚፈጅ ጥገና ልዩ መዋጮ ሊከፍሉ ቀናት ቀርቷቸው ነበር። ፍሎሪዳ በ2022 ባወጣችው ሕግ ሦስትና ከዚያ በላይ ፎቅ ያላቸው ያረጁ ኮንዶሚኒየሞች እንዲመረመሩና ማኅበራቱ ለዋና ዋና ጥገናዎች መጠባበቂያ ገንዘብ እንዲይዙ ደነገገች።

ከግዢ በፊት የሚመረመሩ ነገሮች

ጠንቃቃ ገዢ ከቤቱ ውበት ባሻገር የሚከተሉትን በጠበቃና በመሐንዲስ ያስመረምራል፦

የመጠቀሚያ ፈቃድ፦ ሕንፃው በእርግጥ ለመኖሪያ መፈቀዱና ቴራሱ ሰው እንዲገለገልበት በፕላኑ መጽደቁ ይታያል። ያለ ፈቃድ የተሠራ ወለል ወይም ጥላ ገዢው ከተረከበው በኋላ በራሱ ወጪ ሊያፈርሰው ይችላል።

የመብቱ ዓይነት፦ ቴራሱ የቤቱ አካል፣ ለቤቱ የተመደበ የጋራ ክፍል ወይስ በፈቃድ ብቻ የሚያዝ መሆኑ ከሰነዱ ይረጋገጣል።

ቃለ ጉባዔና ሒሳብ፦ የማኅበሩ የቅርብ ዓመታት ቃለ ጉባዔዎች ስለ ፍሳሽ የቀረበን አቤቱታና በዝግጅት ላይ ያለን ልዩ መዋጮ ያሳያሉ። ወርኃዊ መዋጮው ዝቅተኛ ሆኖ መጠባበቂያው ባዶ ከሆነ፣ ወጪው አልቀረም፤ ለሚቀጥለው ገዢ ተላልፏል ማለት ነው።

የሽፋኑ ዕድሜ፦ መቼ እንደተነጠፈ፣ ዋስትና እንዳለው፣ ከሥር ያለው ቤት ኮርኒስ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ይጠየቃል።

የመጪ ሥራዎች፦ በኒው ዮርክ ከተማ ከ6 ፎቅ በላይ ያላቸው ሕንፃዎች የውጭ ግድግዳቸው በየ5 ዓመቱ ይመረመራል። ጥገና ካስፈለገ ቴራሱ በመወጣጫ ተሸፍኖ ለወራት ከአገልግሎት ውጭ ሊሆን ይችላል።

ዋጋው፦ ገማቾች የቴራስን ስፋት ከውስጡ ስፋት ጋር እኩል አይቆጥሩትም። በኒው ዮርክ በተለመደው አሠራር የአንድ ካሬ ቴራስ ዋጋ ከውስጡ ካሬ ዋጋ ከሩብ እስከ ግማሽ ይገመታል። ሁለቱን ደምሮ «ጠቅላላ ስፋት» የሚል ማስታወቂያ ስለዚህ ያሳስታል።

በአንዳንድ ግዛቶች ሕጉ ለገዢው የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሜሪላንድ፣ ነባር ኮንዶሚኒየም ከግለሰብ የሚገዛ ሰው የማኅበሩን ሰነዶች ከተቀበለ በኋላ ባሉት 7 ቀናት ውሉን መሰረዝ ይችላል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ኮንዶሚኒየም የተስፋፋው ፋብሪካዎችን በመለወጥ ሳይሆን በአዲስ ግንባታ ነው። የፎቅ ቤቶችን የተለያዩ ሰዎች ሲይዟቸው የሚኖረውን መብትና ግዴታ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አስቀድሞ ደንግጎ ነበር። ኋላም የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ወጣ። በአዋጁ መሠረት እያንዳንዱ ቤት በተናጠል ይያዛል፤ የጋራ መጠቀሚያው የሁሉም ነው፤ ባለቤቶቹም በማኅበር ተደራጅተው ያስተዳድሩታል። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ገዢው የሚያገኘው የቤቱን ባለቤትነትና በመሬቱ የመጠቀም መብት ነው። ቴራስ ያለው አፓርታማ የሚገዛ ሰው ሰገነቱ በውሉም ሆነ በካርታው እንዴት እንደተገለጸ ማየት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

የአየር ንብረቱም የራሱ ድርሻ አለው። በአዲስ አበባ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። በበጋ የታየ ቴራስ ደረቅና ጤነኛ ይመስላል። ክረምቱ ያደረሰውን ጉዳት የሚያሳዩት የአሸንዳው ዙሪያ፣ የግድግዳው ሥርና ከታች ያለው ቤት ኮርኒስ ናቸው።