በቢራ በርሜል የተለካ ጣቢያ

ለንደን ውስጥ በዩስተን ጎዳና ሁለት ትልልቅ የባቡር ጣቢያዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ኪንግስ ክሮስና ሴንት ፓንክራስ። የሚለያያቸው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ኪንግስ ክሮስ የደረሰ መንገደኛ ከጎዳናው ተነሥቶ ደረጃ ሳይወጣ ፉርጎው ውስጥ ይገባል። ሴንት ፓንክራስ ግን ባቡሮቹ ያሉት ፎቅ ላይ ነው፤ ከጎዳናው 6 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይቆማሉ። ጣቢያውን ልዩ ያደረገው አብዛኛው ነገር የመጣው ከዚህ ከፍታ ነው።

የከፍታው መነሻ ውኃ ነው። ከጣቢያዎቹ በስተሰሜን ሪጀንትስ ካናል የሚባል የጀልባ ቦይ ያልፋል። የኪንግስ ክሮስ ሐዲድ ቦዩን የሚሻገረው ከሥሩ፣ በዋሻ ነው። መቀመጫውን ደርቢ ከተማ ያደረገው የሚድላንድ ባቡር ኩባንያ ለዓመታት በዚሁ በተፎካካሪው ሐዲድ እየከፈለ ለንደን ሲገባ ቆየ። በ1862 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዓለም አቀፉ ኤግዚቢሽን ሕዝቡን ለንደን ላይ ባጎረፈ ጊዜ ግን ለባለቤቱና ለደባሉ የሚበቃ ሐዲድ ጠፋ። ሚድላንድም የራሱን በር ሊከፍት ቆረጠ። መሐንዲሱ ዊልያም ሄንሪ ባርሎው ቦዩን ከላይ መሻገርን መረጠ። በድልድይ የመጣ ባቡር ደግሞ ቦዩን እንዳለፈ ወዲያው ቁልቁል ወርዶ ጎዳና ላይ ሊቆም አይችልም። ስለዚህ ጣቢያው ራሱ ወደ ሐዲዱ ከፍ ማለት ነበረበት።

ከቦዩ ሌላ ሙታንም መንገድ ላይ ነበሩ። ሐዲዱ የድሮውን የሴንት ፓንክራስ ቤተ ክርስቲያን መቃብር ቆርጦ ስለሚያልፍ አፅም ማንሣት ግድ ሆነ። ሥራውን እንዲቆጣጠር ከተመደቡት አንዱ፣ ያኔ ገና የአርክቴክት ረዳት የነበረው ቶማስ ሃርዲ ነው። ኋላ ላይ ታላቅ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሆነ፤ ልብ ወለዶቹ ለምን እንደዚያ እንደሚያዝኑ ለሚጠይቅ ይህም አንድ ፍንጭ ሳይሆን አይቀርም።

ባርሎው መጀመሪያ ያሰበው ከሐዲዱ ሥር የሚቀረውን ባዶ ቦታ ከዋሻ ቁፋሮ በሚወጣ አፈር ለመሙላት ነበር። የኩባንያው ሰዎች ግን ያ ቦታ ገንዘብ እንደሆነ ገባቸው። በሚድላንድ መስመር ላይ በርተን የምትባል የቢራ ጠማቂዎች ከተማ አለች፤ ቢራዋ በገፍ ወደ ለንደን ይጫናል፤ ቀዝቃዛና ሰፊ መጋዘን ደግሞ ይፈልጋል። በመሆኑም አፈሩ ቀርቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ የብረት ምሰሶዎች ያሉት ምድር ቤት ተሠራ። በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት 4 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ይህም በበርተን መጋዘኖች የተለመደው፣ በርሜል ለመደርደር የሚመቸው ልክ ነው። የዚያ ወለል አሠራር ሁሉ መለኪያ የቢራ በርሜል እንደሆነ ባርሎው ራሱ ተናግሯል። በርሜል የጫኑ ፉርጎዎች በውኃ ግፊት በሚሠራ አሳንሰር ከላይ ወደ ምድር ቤቱ ይወርዱ ነበር።

ጣሪያው ላይ እንምጣ። ብዙ ጎብኚ ካሜራውን የሚያነሣው ከፊት ለፊት ወዳለው ቀይ የጡብ ሆቴል ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀና ማለትን እመክራለሁ። የብረትና የመስታወቱ ጣሪያ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 73 ሜትር ያህል ስፋት፣ 210 ሜትር ያህል ርዝመት፣ 30 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። መካከሉ ላይ አንድም ምሰሶ የለም። ጣቢያው በጥቅምት ወር 1868 ሥራ ሲጀምር በዓለም ላይ ይህን ያህል ስፋት በአንድ ቅስት የሸፈነ ሕንፃ አልነበረም።

እንዲህ ያለ ቅስት ክብደቱ እግሮቹን ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። ሌሎች መሐንዲሶች ይህን የሚከላከሉት በወፍራም ግድግዳ ወይም በአየር ላይ በተወጠሩ ማሰሪያ ብረቶች ነበር። ባርሎው ሁለቱንም አልፈለገም። ጥጥ የሚነደፍበትን ደጋን ያየ ሰው ብልሃቱ ወዲያው ይገባዋል፤ እንጨቱ እንዳይዘረጋ አጉብጦ የሚይዘው ጅማቱ ነው። እዚህም ጅማቱ አለ፤ ተሳፋሪው የሚረግጠው ወለል ነው። ሐዲዱን የተሸከሙት፣ ለቢራው ምድር ቤት ጣሪያ የሆኑት አግዳሚ ብረቶች የቅስቱን ሁለት እግሮች ከወዲያና ከወዲህ አስረው ይዘዋል። ቅስቱ ጫፉ ላይ ጥቂት ሾጠጥ ማለቱ የነፋስን ግፊት ለመቋቋም የታሰበ ነው። ብረቱ የመጣው ከደርቢሸር ሲሆን፣ የአምራቹ የበተርሊ ኩባንያ ስምና 1867 የሚለው ዓመት ዛሬም ቅስቶቹ ሥር ተቀርጾ ይነበባል።

ሆቴሉን የነደፈው ጆርጅ ጊልበርት ስኮት ነው። በ1873 ሲከፈት አሳንሰር ሳይቀር ነበረው። ያልነበረው በየክፍሉ መታጠቢያ ቤት ነው። ወለሉ እሳት እንዳይበላው ተብሎ እጅግ ጠንክሮ ስለተሠራ ቧንቧ ለማስገባት መብሳት ከባድ ሆነ። እንግዶቹ ወደ አዳዲሶቹ ሆቴሎች ሸሹ፤ በ1935 ተዘጋና የባቡር መሥሪያ ቤቱ ቢሮ ሆነ።

በ1960ዎቹ ደግሞ ጣቢያው ጨርሶ ሊጠፋ ነበር። የባቡር ባለሥልጣኑ ሴንት ፓንክራስን ከኪንግስ ክሮስ ጋር ማጠቃለል ፈለገ። ዛቻው ባዶ አልነበረም፤ ጥቂት ራቅ ብሎ በዩስተን ጣቢያ የነበረው ታላቅ የድንጋይ በር ገና በ1961 እና በ1962 ፈርሶ ነበር። ከተከራካሪዎቹ መካከል ገጣሚው ጆን ቤቸማን ይገኝበታል፤ ዛሬ ጣቢያው ውስጥ ኮፍያውን ይዞ ወደ ጣሪያው የሚያንጋጥጥ ሐውልቱ ቆሟል። ጄን ፎሴት ግን ሐውልት የላትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሌችሊ ፓርክ የጀርመንን ምሥጢራዊ መልእክት ይፈቱ ከነበሩት ወጣት ሴቶች አንዷ ነበረች፤ ኋላም የቪክቶሪያ ዘመን ቅርሶች ማኅበር ጸሐፊ ሆና የባቡር ሹማምንቱን እረፍት ነሣቻቸው። በኅዳር 1967 ጣቢያው በከፍተኛው የቅርስ ደረጃ ተመዘገበ።

ቅርስ ተባለ እንጂ ለረጅም ጊዜ ማንም አልደረሰለትም። በ1970ዎቹ የጣቢያው ትልቅ ሰዓት እንኳ ለአሜሪካዊ ሰብሳቢ ተሽጦ ሲወርድ ወድቆ ተሰባበረ። አንድ የባቡር ሠራተኛ ስብርባሪውን በ25 ፓውንድ ገዝቶ፣ ወደ አገሩ ኖቲንግሃምሸር ወስዶ፣ ገጣጥሞ ጎተራው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። አሁን ጣቢያው ውስጥ ያለው ሰዓት የተሠራው ያንን እያዩ ነው።

ጣቢያውን ያዳነው የባሕር ሥር ዋሻ ነው። እንግሊዝንና ፈረንሳይን የሚያገናኘው የ50 ኪሎ ሜትር ዋሻ በ1994 ሲከፈት ዩሮስታር የተባለው ፈጣን ባቡር ከዋተርሉ ጣቢያ ይነሣ ነበር። ዋተርሉን እኛም በታሪክ እናውቀዋለን፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ ወር 1936 ለስደት ለንደን ሲገቡ ከሳውዝሃምፕተን ወደብ በባቡር መጥተው የወረዱት እዚያ ነው። ከዋተርሉ የሚወጣው ሐዲድ አሮጌ ስለነበር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ የሚፈጥነው ፈረንሳይ ከገባ በኋላ ብቻ ነበር። አዲስ ፈጣን መስመር ሲዘረጋ ሴንት ፓንክራስ መድረሻው ሆነ፤ በኅዳር 2007 ሥራ ጀመረ። ባቡሩ 400 ሜትር ስለሚረዝም የባርሎው ጣሪያ አልበቃውም፤ በስተሰሜን ጠፍጣፋ ጣሪያ ተቀጠለለት። ወደ ደርቢ የሚሄዱት፣ ጣቢያውን ያሠራው የሚድላንድ ወራሾች የሆኑት ባቡሮች፣ ዛሬ የሚነሡት ከዚሁ ቅጥያ ሥር ነው። አዲስ መጤ እንግዳ ሳሎኑን ወሰደባቸው።

ቢራው የነበረበት ምድር ቤትስ? የመንገደኞች አዳራሽ ሆነ። ወደ ፓሪስ የሚሄድ ሰው ቲኬቱን የሚያስነካው፣ ሻንጣውን በፍተሻ ማሽን የሚያሳልፈው በርሜል በተደረደረባቸው ምሰሶዎች መካከል ነው። የፈረንሳይ ድንበር ፖሊስ ፓስፖርት የሚያየውም እዚያው ለንደን ላይ ስለሆነ፣ ፓሪስ ሲደርሱ ወርዶ መሄድ ነው። ወገኖቻችን እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ቪዛው ከሌለው የሚመለሰው ከዚያው ከለንደን በር ነው። በሩ የሚዘጋው ባቡሩ ከመነሣቱ ቀደም ብሎ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ አስቀድሞ መድረስ ይበጃል። ቲኬት በመጨረሻው ሰዓት እጅግ ይወደዳል። ምግብና ውኃ ይዞ መግባት ይቻላል፤ ድርቆሽ የቋጠረ አይከለከልም። ሥጋና ወተት ነክ ነገር ግን ወደ አውሮፓ ኅብረት አይገባም።

ከዚያ በኋላ በተንቀሳቃሽ ደረጃ ወደ ሰማያዊው ቅስት መውጣት ነው። ባቡሩ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ ዋሻው ውስጥ ወደ 160 ዝቅ ይላል። ባሕሩን ለማየት የጓጓ ሰው ያዝናል፤ 20 ደቂቃ ገደማ ጨለማ ብቻ ነው። ከሁለት ሰዓት ከሩብ በኋላ፣ ሰዓትን አንድ ወደፊት ገፍቶ፣ ፓሪስ ጋር ዱ ኖር ይገባሉ። እዚያ ታክሲ ከመፈለግ በፊት ወደ ውጭ ወጥቶ ፊት ለፊቱን መመልከት ይገባል። በ1860ዎቹ የተሠራው ሕንፃ ላይ መስመሩ የሚያገለግላቸው ከተሞች በሴት ሐውልቶች ተመስለው ቆመዋል፤ ለንደንም ከእነርሱ መካከል አለች፤ ዋሻው ከመከፈቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድማ።