የንግድ ምልክት ማስመዝገብና የጥያ ነጋዴ

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ጥያ፣ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት ትክል ድንጋዮች ላይ ከሰይፎቹ ጋር የተቀረጹት ምልክቶች ትርጉማቸው እስከ ዛሬ በእርግጥ አልታወቀም። የገበያ ምልክት ግን ባለቤቱ ሳይታወቅ የቀረ እንደ ሆነ ጉዳቱ የነጋዴው ነው። የማረቆን በርበሬ አስፈጭቶ፣ አሽጎና ስም አውጥቶ የሚሸጥ ሰው፣ ሌላው ስሙን ቀድሞ ቢያስመዘግብበት ክርክሩ ይከብድበታል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 501 ለተመዘገበ የንግድ ምልክት የ7 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል። «ማረቆ» የሚለው የቦታ ስም ግን ብቻውን ለአንድ ነጋዴ ስለማይሰጥ፣ ዕቃውን ከሌላው የሚለይ ምልክት ማውጣት ያሻል።

ጉዳዩን የሚመራው መሥሪያ ቤት በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 320 የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተብሎ የተቋቋመውና ዛሬ ባለሥልጣን የተባለው ነው። በላኪዎች ዘንድ ይበልጥ የሚወሳለት ሥራ የይርጋ ጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን ቡና ስሞች በውጭ አገር ለማስመዝገብ መድከሙ ነው፤ በአሜሪካ ብርቱ ተቃውሞ ቢገጥመውም በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ውል ተፈራርሟል።

የእንሰት መፋቂያን ያሻሻለ ብረት ሠሪም፣ ሥራው አዲስ እስከ ሆነ ድረስ፣ በ1987 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 123 መሠረት ለአነስተኛ ፈጠራው የ5 ዓመት ሰርተፊኬት መጠየቅ ይችላል፤ ለሌላ 5 ዓመትም ይታደስለታል። ፓተንት ለ15 ዓመት ይጸናል፤ ሆኖም በየዓመቱ የሚከፈል ገንዘብ አለበት።