የመርሳን ገበያ የሚያዘገየውና የሚያፈጥነው ዋልካ

ከወልዲያ ተነስቶ በሲሪንቃ በኩል ወደ መርሳ በሚወርደው አስፋልት የሚመላለስ የእህል ነጋዴ፣ በሐምሌ የጭነት መኪናውን ከዋናው መንገድ ሁለት መቶ ሜትር ገባ አድርጎ ማቆም ምን እንደሚያስከፍል ጠንቅቆ ያውቃል። ጥቁሩ አፈር ጎማ ከያዘ አይለቅም። ያው አፈር ጥር ሲገባ እንደ ድንጋይ ይጠነክርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የአካባቢው ሰው «ዋልካ» ይለዋል፤ ሸዋ ላይ «መረሬ» ነው፤ የአፈር ባለሙያዎች ደግሞ ቨርቲሶል ብለው መዝግበውታል።

ነጋዴው ይህን አፈር የሚያስታውሰው በትራንስፖርት ችግርነቱ ነው። ይሁንና ጤፉ መቼ እንደሚዘራ፣ ሽምብራው በየትኛው ወር ገበያ እንደሚወጣ፣ በብድር የተሰጠ ማዳበሪያ ገንዘቡን ይመልስ እንደሆነ፣ ከከተማ ዳር የተሠራ መጋዘን ግድግዳው ይሰነጠቅ እንደሆነ የሚወስነው ይኸው ዋልካ ነው። በሀብሩ ወረዳ መሬት በሊዝ ለመያዝ ወይም ከአርሶ አደሩ ጋር ምርት ለመዋዋል የሚፈልግ ባለሀብት ከደላላው የሚሰማው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ጥቁር ለም አፈር ነው»። አባባሉ ውሸት አይደለም፤ ጎደሎ ነው።

የአገሪቱ የቨርቲሶል ስፋት 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይገመታል። ከዚህ ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆነው በደጋውና በወይና ደጋው የሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የዓለም አቀፉ የእንስሳት ማዕከል ለአፍሪካ (ኢልካ)፣ ኢክሪሳት፣ የያኔው የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የአለማያ እርሻ ዩኒቨርሲቲና ግብርና ሚኒስቴር በአንድ ፕሮጀክት ተጣምረው ይህን አፈር ማጥናት ሲጀምሩ ምክንያታቸው ቀላል ነበር፤ ከደጋው ቨርቲሶል የሚታረሰው ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። የቀረው ውኃ ስለሚተኛበት ለግጦሽ ይተዋል። የሁለት ማረሻ እንጨቶችን አጣምሮ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ፈሰስ የሚያወጣው መሣሪያ በስፋት የታወቀው በዚያ ፕሮጀክት ነው።

የአገሪቱ የአፈር ካርታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 በፋኦ ድጋፍ የተሠራው ካርታ መለኪያው አንድ ለአንድ ሚሊዮን ነው። ይህ ማለት በካርታው ላይ አንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ 10,000 ሄክታር ነው። 20 ሄክታር ሊይዝ የመጣ ባለሀብት በዚያ ካርታ ላይ ቦታውን በመርፌ ጫፍ እንኳ ሊያሳይ አይችልም። በሀብሩ ደግሞ መሬቱ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ተዳፋቱ ጭንጫ ነው፤ ከተራራው ሥር ያለው ሜዳ ዋልካ ነው፤ ወንዝ ዳሩ ጎርፍ ያመጣው ደለል ነው። ሦስቱንም በግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ማየት ይቻላል። ኪራያቸው አንድ ሊሆን ግን አይገባም።

ጉድጓዱና ላቦራቶሪው

ስለዚህ ነገሩ የሚጀምረው በቁፋሮ ነው። ባለሙያው አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አስቆፍሮ ይገባና ግድግዳውን በየንብርብሩ ያነባል። ቀለሙን ሙንሰል ከሚባለው የቀለም መጽሐፍ ጋር ያመሳክራል። ስንጥቁ እስከ የት እንደሚወርድ ይለካል። ከታች በኩል እርስ በርሱ ተፋትጎ እንደ ተወለወለ ቆዳ የሚያብለጨልጭ የሸክላ ገጽ ካገኘ ጥርጣሬው ያበቃል፤ አፈሩ በየዓመቱ እየነፋና እየከሰመ ራሱን እንደሚገለብጥ የሚመሰክረው ያ ገጽ ነው። መሬት ሲያዩ እፍኝ አፈር አንስቶ ማፍረክረክ የተለመደ ነው፤ ይህንን ምልክት ግን ከላይ ሆኖ ማየት አይቻልም።

ቀጥሎ ናሙናው ላቦራቶሪ ይገባል። በዓለም አቀፉ አመዳደብ አንድ አፈር ቨርቲሶል ለመባል ከሚጠየቀው አንዱ የሸክላ መጠኑ ከ30 በመቶ አለማነሱ ነው፤ የእኛ አገር ዋልካ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ እጅግ ይበልጣል፣ ከግማሽ በላይ ሸክላ የሆነውም ብዙ ነው። ሸክላው የሚያብጠው ዓይነት ስለሆነ ውኃንም ንጥረ ነገርንም አጥብቆ ይይዛል። «ለም» የሚያሰኘው ይህ ነው።

የናይትሮጅኑ ሂሳብ ግን የተለየ ነገር ይናገራል። አንድ ሄክታር መሬት እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ያለው አፈር 3,600 ቶን ያህል ይመዝናል እንበል። ላቦራቶሪው ጠቅላላ ናይትሮጅኑ 0.1 በመቶ ነው ካለ መሬቱ ውስጥ 3,600 ኪሎ ናይትሮጅን አለ ማለት ነው። ብዙ ይመስላል። ሆኖም በዓመት ወደ ሰብሉ የሚለቀቀው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢሆን ከ36 እስከ 72 ኪሎ ብቻ ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል። ዋልካው ላይ ውኃ ተኝቶ ከሰነበተ ደግሞ ከሁለቱም ላይ ቀላል የማይባል ክፍል ጋዝ ሆኖ ይበናል። በብድር ማዳበሪያ ሰጥቶ በምርት ለመቀበል የሚዋዋል ነጋዴ ገንዘቡ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ውኃው ሳይጠነፍፍ፣ ዩሪያውም ተከፍሎ በሁለት ጊዜ ሳይሰጥ ሌላ ኩንታል መጨመር ኪሳራውን ማብዛት ነው።

የፎስፎረሱ ቁጥር ሌላው መታየት ያለበት ነው። ገለልተኛና ወደ ጨዋማው ላደላ አፈር የሚሠራበት ኦልሰን የተባለው ምርመራ ከ5 ፒፒኤም በታች ካሳየ አፈሩ ደሃ ነው፤ የማዳበሪያው ብርም መልስ ይኖረዋል። ለዓመታት ይህ ሁሉ ልዩነት ሳይታይ መቶ ኪሎ ዳፕና መቶ ኪሎ ዩሪያ ለመላው አገር ሲታዘዝ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የአፈር መረጃ ሥርዓት (ኢትዮሲስ) በርካታ ቦታዎች ላይ ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ ጭምር እንደሚጎድሉ ካመለከተ በኋላ ዳፕ ቀርቶ ኤንፒኤስና ቅይጦቹ መጡ። በዚህ ጸሐፊ እምነት የከረጢቱ ስም መለወጡ ብቻውን ለአንድ ማሳ የተለየ ምክር አይሆንም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር ተገዝቶ የሚገባን ማዳበሪያ በግምት የሚበትን ሰው የሚከስረው ከበፊቱ የበለጠ ነው።

የሲሪንቃ ዝናብና የቆቦ ዝናብ

ጉድጓዱና ላቦራቶሪው አንድ ቢሆኑ እንኳ ሦስተኛው ሰነድ፣ የዝናቡ መዝገብ፣ ነገሩን ሊገለብጠው ይችላል። በሀብሩ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሲሆን በዓመት ከ900 እስከ 1,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ያገኛል። ከወልዲያ በስተሰሜን ያለው ቆቦ ከ1,500 ሜትር በታች ነው፤ ዝናቡም ከ700 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ሁለቱም ዘንድ ጥቁር አፈር አለ። ዝናብ በሚበዛበት ዋልካ ላይ ችግሩ ውኃውን ማስወጣት ነው፤ መደቡና ፈሰሱ ይረዳል። በቆቦ ሜዳ ግን ያንኑ ፈሰስ የቀደደ ገበሬ እርጥበቱን በገዛ እጁ አፈሰሰው ማለት ነው። እዚያ የሚበጀው ቦዩን በየመሃሉ ገድቦ ውኃውን ማቆር ነው። ስለዚህ «ዋልካ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ምን መደረግ እንዳለበት አይናገርም።

ዓመታዊ አማካዩም ያታልላል። የአየር ንብረት ባለሙያ የዝናቡን መዝገብ በየአሥር ቀኑ ከፋፍሎ ያየዋል። በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውኃ የሚተን ከሆነ በአሥር ቀን 50 ይሆናል፤ በፋኦ አቆጣጠር በዚያ አሥር ቀን ውስጥ ቢያንስ ግማሹ፣ 25 ሚሊ ሜትር፣ ካልዘነበ ያ ጊዜ ከሰብል ወቅት አይቆጠርም። በሰሜን ወሎ በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ብቅ ጥልቅ ይላል። ክረምቱ በሐምሌና በነሐሴ ይበረታና ጳጉሜን ከማለፉ በፊት ሊቆም ይችላል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኤልኒኞ ምክንያት የደረሰው ድርቅ ሰሜን ወሎን ክፉኛ ሲጎዳ የታየው ይኸው ነው።

ዋልካ በዚህ ጊዜ ጥቅሙን ያሳያል። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ደህና ዋልካ ሰብል ሊጠቀምበት የሚችል 150 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ውኃ ይይዛል። በቀን 4 ሚሊ ሜትር ቢጠጣ ዝናብ ከቆመ በኋላ ከአንድ ወር በላይ ያቆያል። ሽምብራ በመስከረም ተዘርቶ ያለ ጠብታ ዝናብ የሚደርሰው በዚህ ቀሪ እርጥበት ነው። ጭንጫው ላይ ግን ይህ አይሞከርም። ስለዚህ በነሐሴ መጨረሻ ምን ያህል እንደዘነበና ዋልካው ምን ያህል እንደጠጣ የሚከታተል ነጋዴ፣ በጥርና በየካቲት የሚገባውን የሽምብራ መጠን አራት ወር ቀድሞ መገመት ይችላል። ደላላው ዋጋ የሚጠራው ጆንያው ከደረሰ በኋላ ነው።

በማሽላም እንዲሁ ነው። ረጅም ጊዜ የሚፈጀው የአገሬው ማሽላ የበልግ ዝናብ ይዞት በሚያዝያና በግንቦት ካልተዘራ አይሆንም። በልጉ ሲቀር ገበሬው ወደ ጤፍ፣ ወደ ሽምብራ ወይም ቶሎ ወደሚደርስ ማሽላ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጡት ጎብዬና አብሽር፣ በ2002 ሲሪንቃ ያወጣው ብርሃንም፣ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ናቸው። በዚሁ የአቀንጭራ ሥራ ነው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት። ግንቦት ላይ የትኛው ዘር እንደተዘራ ሳይጠይቅ ለኅዳር ማሽላ ቀብድ የሚከፍል ሰው ቁማር እየተጫወተ ነው።

ፍራፍሬና መጋዘን

መርሳ ሲነሳ ብርቱካንና ማንጎ አብረው ይነሳሉ። ለዚህ ሥራ መሬት የሚፈልግ ባለሀብት ዋልካውን ለእህል ትቶ ወንዝ ዳሩን ደለል ቢመርጥ ይሻለዋል። የብርቱካን ሥር የተኛ ውኃ አይወድም፤ ይበሰብሳል። ጨዋማነቱ ከፍ ባለ አፈር ላይ ደግሞ ብረትና ዚንክ ስለሚታሰሩ ቅጠሉ ይገረጣል። በመስኖ ዋልካ ለማልማት የሚያስብም ከአፈሩ ጋር ውኃውን ያስመርምር፤ ሶዲየም ያለበት ውኃ ሸክላውን ጨርሶ ይደፍነዋል።

ግንባታው የራሱ ጣጣ አለው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ እስከ ሐራ ገበያ የሚዘረጋው የባቡር መስመር ሥራ በ2007 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የወልዲያ ዙሪያ መሬት የባለ መጋዘኖችን ዓይን ስቧል። ዋልካ ላይ መሠረት የሚጥል ሰው ጥቁሩን አፈር አስወጥቶ በተመረጠ ገረጋንቲ ካልተካ፣ ወይም መሠረቱን ከሚያብጠው ንብርብር በታች ካላወረደ፣ በሁለተኛው ክረምት ወለሉ ሲነሳ ያያል። የማበጥ ምርመራው ከግንባታው ወጪ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የመሬቱ ዋጋ ድርድር ከማለቁ በፊት ቢደረግ ደግሞ የቁፋሮውን ወጪ ከዋጋው ላይ ለማስቀነስ ያገለግላል።

መረጃው ያለበት ቦታ ሩቅ አይደለም። የዝናቡን መዝገብ የሚቲዎሮሎጂ የኮምቦልቻ ጽሕፈት ቤት ይይዘዋል፤ የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ደሴ ላይ አለ። የሲሪንቃ ማዕከል ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጦርነቱ ወደ አካባቢው ሲደርስ ተዘርፎ ብዙ ንብረት አጥቷል፤ የአካባቢውን አፈር ለዓመታት ሲያጠኑ የኖሩት ግን ባለሙያዎቹ ናቸው። ናሙና የሚወስድ ሰው ከአንድ ዓይነት መሬት ላይ ከ15 እስከ 20 ቦታ ያህል ከ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አውጥቶ ያደባልቅ፤ የፍግ ክምር የነበረበትን ቦታና የአጥር ጥጉን ይተው፤ ተዳፋቱንና ሜዳውን በአንድ ከረጢት አይቀላቅል። ውጤቱ ለዚያው ዓመት የማዳበሪያ ግዢ እንዲደርስ ናሙናው በበጋው፣ ቢዘገይ እስከ የካቲት፣ መላክ አለበት።