መምህር ያመነበት ልጅ

ልጅን ሳይመረምሩ ሰነፍ ማለት ምስክር ሳይሰሙ እንደ መፍረድ ነው። በቦሊቪያ የተወለደው መምህር ሃይሜ ኤስካላንቴ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ዓመት፤ በአሜሪካ፥ በሎስ አንጀለስ ምሥራቅ፥ በጋርፊልድ ተማሪ ቤት ማስተማር ጀመረ። በዚያ የነበሩት የድኾች ልጆች ከፍ ያለ ሒሳብ አይገባቸውም ይባል ነበር። እርሱ ግን ፍላጎት ካለ ይበቃል እያለ፤ ከትምህርት ሰዓት በፊትም በኋላም አብሯቸው ደከመ። በ1982 ዓመት 18 ተማሪዎቹ ካልኩለስ የተባለውን የከፍተኛ ሒሳብ ፈተና አለፉ። ፈታኞቹ 14ቱን ተኰራርጃችኋል ብለው ጠረጠሩ፤ ከእነዚሁ 12ቱ ዳግመኛ ተፈተኑ፤ ሁሉም አለፉ። ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ መጽሐፉን ዘግቶ ቢቀመጥ ለመፍረድ አትቸኵሉ፤ ትችላለህ የሚለው መምህር ፈልጉለት፤ እናንተም ይህንኑ ቃል አትንፈጉት።