የልብስ ፋብሪካ ለምን በቀላሉ ይሄዳል?

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ በኩል ኮምቦልቻ የሚደርሰውን መንገድ ታውቁት ይሆናል። በሁለቱም ጫፉ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። በዚህ መንገድ ዳር ያደገ ወጣት «ፓርክ ልገባ ነው» ካለ ሽርሽር ማለቱ አይደለም፤ ሥራ ማለቱ ነው።

ግን ሥራው እስከ መቼ ይቆያል? ይህን ለመረዳት የሐዋሳን ፓርክ እንይ።

የሐዋሳ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም ተመረቀ። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ፒቪኤች እዚያ ፋብሪካ ከፈተ። አንዱ ማራኪ ነገር ርካሽ ጉልበት ነበር፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ገደማ መሆኑን ጽፏል። ሌላው አጎዋ ነው፤ ልብሱ አሜሪካ የሚገባው ያለ ቀረጥ ነበር።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። አሜሪካ የሰብዓዊ መብት ጥሰትን ምክንያት አድርጋ ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደምታስወጣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም አስታወቀች። ፒቪኤች ውሳኔው ሥራ ላይ እስኪውል እንኳ አልጠበቀም፤ በኅዳር ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ተናገረ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የጥጥ ቲሸርት አሜሪካ ሲገባ መደበኛው ቀረጥ 16.5 በመቶ ነው። ዋጋው 10 ዶላር ከሆነ ቀረጡ 1.65 ዶላር ይሆናል። ሳንቲም ለሚቆጥር ገዢ ይሄ ብዙ ነው።

ግን እንዴት እንዲህ በፍጥነት መሄድ ቻለ? ጨርቅ ስለሚተጣጠፍና ስለሚሸበሸብ ለሮቦት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ስፌት ዛሬም የሰው እጅ ይፈልጋል። የስፌት መኪና ደግሞ ትንሽ ነው፤ ከሶኬቱ ነቅሎ መጫን ይቻላል። ሼዱ የኪራይ ነው፤ ጨርቁና ዚፑ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ይመጣል። ታዲያ ፋብሪካውን ምን ያስረዋል?

ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካ ጋር አወዳድሩት። አገዳ ከተቆረጠ በኋላ በቆየ ቁጥር ስኳሩ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ፋብሪካው ከማሳው መራቅ አይችልም። ማሳን ደግሞ ጭኖ የሚሄድ የለም።

ልብስም ሥር ሊኖረው ይችላል። ጥጡ እዚሁ ከተመረተ፣ ክሩ እዚሁ ከተፈተለ፣ ጨርቁ እዚሁ ከተሸመነና ከተቀለመ፣ መኪናውን የሚጠግን ባለሙያም እዚሁ ካለ፣ አንዱ ድርጅት ቢወጣ እንኳ ሌላው የሚጀምረው ከዜሮ አይሆንም።

አዲስ ፋብሪካ ሲመረቅ ስንት ሰው እንደሚቀጥር ይነገረናል። እናንተ ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ነገ ልሂድ ቢል፣ ጭኖ ሊወስደው የማይችለው ነገር ምንድን ነው?